ለመታሰቢያ ሰሌዳው የስም ዝርዝር እስከ ዓርብ ማታ ላኩ

ውድ አባላት፣

በግዳጅ ላይ ሕይወታቸውን ላጡ የወታደራዊ አየር ማረፊያ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የምናቆመው የናስ ሰሌዳ ወደ ቀራጩ ሊላክ ነው። ናስ ላይ የተቀረጸ ፊደል አይታረምም፤ ስለዚህ መረጃችሁን እስከ ዓርብ ማታ ላኩልን።

ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉ ስም፣ ሲሞት የነበረው ማዕረግ፣ መለያ ቁጥር፣ ያገለገለበት ጣቢያና ያረፈበት ቀን ያስፈልጋል። ስህተት የሚበዛው ቀኑ ላይ ነው። በቃጠሎ የተጎዳ ሰው ከሳምንታት በኋላ ሆስፒታል ሊያርፍ ይችላል፤ የአደጋው ዕለት መዝገብ ግን «ቁስለኛ» ብሎት ያልፋል። ከዝርዝር የሚቀሩት በአብዛኛው እነዚህ ናቸውና ደጋግማችሁ ፈልጉ። በልምምድ ላይ ወይም ለጥሪ ሲሮጥ በተገለበጠ መኪና የሞቱትም ይካተቱ። ታንኩ በከፊል የጎደለ መኪና ኩርባ ላይ ውሃው ወደ አንድ ጎን ስለሚያጋድል በቀላሉ ይገለበጣል፤ ይህም ግዳጅ ነው።

ሥነ ሥርዓቱ እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት በመታሰቢያው ፊት ይጀመራል፤ 2፡30 ላይ ተገኙ። የራስ ቁር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ጥላሸቱን አታጽዱት። በየስሙ ደወል አንዴ ይመታል፤ ድምፁ ሳይጠፋ ቀጣዩ ስም አይነበብ። ለሥነ ሥርዓቱ የሚመጣው የእሳት አደጋ መኪና ቀድሞ ቆሞ ሞተሩ ይጥፋ፣ ሬዲዮም ይዘጋ፤ አለበለዚያ የኅሊና ጸሎቱን ይረብሻል።

ስም ለማንበብ ሁለት ሰው እንፈልጋለን። መምጣታችሁንና ማንበብ የምትችሉ መሆናችሁን እዚሁ መልሱልን።