«ዚዎን» ብቻ የሚል የጨረታ ዝርዝር አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በባሕር ዳር በኮምፒውተር ተከላና ጥገና የምተዳደር አንባቢያችሁ ነኝ። በጋዜጣችሁ የሚታወጁትን ጨረታዎች ተከትዬ ሰነዶቹን ስመለከት፣ ሰርቨር (ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚገለገልበት ኮምፒውተር) እና ወርክስቴሽን (ለከባድ ሥራ የተሠራ ኮምፒውተር) ሲገዛ ዝርዝር መግለጫው ብዙ ጊዜ «ኢንቴል ዚዎን ፕሮሰሰር» ብሎ ያልፋል፤ ዚዎን ግን ኢንቴል ለነዚህ ማሽኖች የሚሠራቸው የብዙ ፕሮሰሰሮች (የኮምፒውተር አንጎል የሆኑ ቺፖች) የጋራ ስም ነው። ጠንቀቅ ያለው ደግሞ «ሦስተኛ ትውልድ» ይጨምርበታል። ይህም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን ኢ5 ቪ3 (ቪ3 ማለት ሦስተኛው እትም ነው) ይሁን በ2021 የወጣውን አይስ ሌክ የተባለ ዚዎን አይለይም፤ ሁለቱም በዚሁ ስም ይጠራሉና።

ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ መደብሮች የሚያቀርቡትን ኢ5-2600 ቪ3 እንውሰድ። የዚህ ቤተሰብ አባላት በ22 ናኖሜትር የተሠሩ፣ ዲዲአር4 ሜሞሪ በአራት መስመር የሚቀበሉ ናቸው። ከዚህ ወዲያ ግን ይራራቃሉ። 2603 ቪ3 ስድስት ኮር (ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል) ይዞ በ1.6 ጊጋኸርዝ ፍጥነት ይሠራል፤ ሥራ ሲበዛ ፍጥነቱን ከፍ የሚያደርገው ተርቦ ቡስትም፣ አንዱን ኮር ሁለት ሥራ ጎን ለጎን የሚያሠራው ሃይፐር ትሬዲንግም የለውም። 2637 ቪ3 አራት ኮር ብቻ ሲኖረው ከ3.5 ጊጋኸርዝ ይነሳል፤ 2699 ቪ3 ደግሞ 18 ኮር ኖሮት መነሻው 2.3 ነው።

በቅርቡ አንድ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ አዲስ የገዛው ማሽን ከአሮጌው እንደሚዘገይ ነግሮኝ ሄጄ ነበር። ማቀዝቀዣውን አንስቼ፣ የደረቀውን ነጭ ቅባት በጨርቅ ጠርጌ በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ሳነብ 2603 ቪ3 ሆኖ አገኘሁት። አቅራቢው ውል አላፈረሰም፤ ዚዎን ተባለ፣ ዚዎን አመጣ። ቢሮው የሚጠቀምበት የንድፍ ፕሮግራም አውቶካድ አብዛኛውን ሥራውን በአንድ ኮር ላይ ስለሚያከናውን፣ ለዚያ ቢሮ የሚበጀው ኮሩ ጥቂት፣ ፍጥነቱ ግን ከፍ ያለው ነበር። ብዙ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ለሚጠቀምበት የመረጃ ቋት ቢሆን ምርጫው በተገላቢጦሽ ይሆን ነበር።

በሞዴሉ ሙሉ ስም (ለምሳሌ ኢ5-2603 ቪ3) ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ አኃዝ በአንድ ማዘርቦርድ ላይ ስንት ፕሮሰሰር አብሮ መሥራት እንደሚችል ይናገራል፤ ስለዚህ በ1 የሚጀምረውን 1650 ቪ3 ገዝቶ «ቆይቼ ሁለተኛ እጨምራለሁ» ማለት ከንቱ ነው። መጨረሻው ላይ ኤል ያለበት ኃይል ቆጣቢ ነው፤ 2630ኤል ቪ3 55 ዋት ሲሆን፣ ለወርክስቴሽን የተሠራው 2687ደብሊው ቪ3 ግን 160 ዋት ነው። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ) ላይ ለሚንጠለጠል ቢሮ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ማራገቢያው የሚጠርገው ሙቀት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ኤሲ በሌለው ክፍል 160 ዋቱን ሁለት አድርጎ መግጠም እኔ አልመክርም።

የፒኑ (ፕሮሰሰሩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝባቸው ነጥቦች) ቁጥር ያው 2011 ስለሆነ ከቪ3 በፊት የነበረው ቪ2 በቪ3 ማዘርቦርድ ላይ ይገባል የሚሉ ሻጮችም አሉ፤ አይገባም።

የሞዴል ስም መጥቀስ ውድድሩን ያጠባል የሚል ግዥ ክፍል፣ የኮሩን ብዛት፣ የመነሻ ፍጥነቱን፣ ዋቱንና የሜሞሪውን ዓይነት በአኃዝ ያስቀምጥ፤ «ወይም ተመጣጣኝ» የሚለውም ትርጉም የሚኖረው ያን ጊዜ ነው። በርክክብ ዕለትም ማሽኑ በርቶ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሙሉ ቁጥር ከውሉ ጋር ሳይመሳከር ማንም የገቢ ደረሰኝ ባይፈርም መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ከባሕር ዳር