ጥያቄው የዕድሜ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በስፖርት ገጻችሁ የወጣውንና የበረዶ ሆኪ አሰልጣኞች ነባሮቹን አሳርፈው ወጣቶቹን እንዲያሰልፉ የሚጠይቀውን አስተያየት በጥሞና አንብቤዋለሁ። የጸሐፊውን ተቆርቋሪነት ባደንቅም፣ ነገሩን ሁሉ ከዕድሜ ጋር ማያያዛቸው ግን አላሳመነኝም።

በሰሜን አሜሪካው ናሽናል ሆኪ ሊግ አንድ ቡድን ለጨዋታ የሚያቀርበው 18 የሜዳ ተጫዋቾችንና 2 ግብ ጠባቂዎችን ሲሆን፣ አጥቂዎቹ ሦስት ሦስት፣ ተከላካዮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይገቡና አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላቸው ይቀየራሉ። አሰልጣኙ እንግዲህ ማንን ከማን ጋር፣ በየትኛው ቅጽበት እንደሚያስገባ ሲወስን ነው 60 ደቂቃውን የሚጨርሰው።

የቦስተን ብሩይንስን ታሪክ እንመልከት። ክለቡ እ.ኤ.አ. በ1997 የሊጉ ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን ተራ በተራ በሚወስዱበት ዓመታዊ ምርጫ (ድራፍት) ጆ ቶርንተንንና ሰርጌይ ሳምሶኖቭን ወሰደ። አሰልጣኝ ፓት በርንስ ለሳምሶኖቭ ሰፊ ዕድል ሰጡት፤ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም ተባለ። ከሁሉ ቀድሞ የተመረጠው የ18 ዓመቱ ቶርንተን ግን በ55 ጨዋታዎች 3 ግብ ብቻ አስቆጥሮ፣ በአብዛኛው ወንበር እያሞቀ ወቅቱን ጨረሰ። በርንስ አድልተዋል የሚል ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን አልልም። ሳምሶኖቭ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከአዋቂዎች ጋር በሙያ ሊግ ተጫውቶ የመጣ ሲሆን፣ ቶርንተን በቀጥታ ከታዳጊዎች ሊግ ነበር የመጣው። ያ ሁሉ መቀመጥም አላጠፋውም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተሸልሟል።

ይህን ስል ወጣትን ወንበር ላይ ማስቀመጥ ሁሉ ትክክል ነው ማለቴ አይደለም፤ ዋናው ሲገባ ከማን ጎን መሰለፉ ነው። ቡድኑ ተጨንቆ ፓኩን፣ ማለትም በበትር የሚመታውን ጠፍጣፋ ክብ ጎማ፣ ከራሱ አጋማሽ እስከ ተቃራኒው የግብ መስመር ማዶ ሲጠልዝ ዳኛው ጨዋታውን ያቆማል፤ ጥፋተኛው ቡድንም ተጫዋች መቀየር ስለማይፈቀድለት፣ ትንፋሽ ያጠራቸው ተጫዋቾች በገዛ ግባቸው አጠገብ እንደገና ይሰለፋሉ። በዚያች ሰዓት የ19 ዓመት ተከላካይ አጠገብ ያለው ነባር በበትሩ ጫፍ «አንተ እዚያ ቁም» ብሎ ቢጠቁመው፣ ልጁ ከስንት ስብሰባ የማያገኘውን ትምህርት ያገኛል። ሁለት ጀማሪዎችን አጣምሮ እዚያ የሚያቆም አሰልጣኝ ለወጣት ያስባል ለማለት ይከብደኛል።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ወጣቱ ፓክ ሲያስነጥቅ እስከ ጨዋታው ፍጻሜ ከወንበር የማይነሣ ሲሆን፣ ነባሩ ያንኑ ሲያደርግ ተራው ሲደርስ እንደ ወትሮው ይገባል። ልጁ ከዚያ ወዲህ ፓኩ በደረሰው ቁጥር ቀና ብሎ ሰው መፈለጉን ትቶ ሜዳውን ከከበበው ግድግዳ ጋር እያላተመ ይገላገለዋል፤ የተመረጠበትን ችሎታም እንዲህ ሆኖ ይደብቀዋል።

አሰልጣኙ ብቻውን የማይወስንበት ጊዜ እንዳለም አይዘንጋ፤ የ18 ወይም የ19 ዓመት ተጫዋች 10ኛ ጨዋታውን ሲያደርግ ከመጀመሪያ ውሉ ላይ አንድ ዓመት ስለሚቆጠርበት፣ የክለቡ ኃላፊዎችም እጃቸውን ያስገባሉ።

ስለዚህ ዘጋቢዎቻችሁ አንድ ወጣት ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ ሲነግሩን፣ ከማን ጎን እንደተሰለፈና ከተሳሳተ በኋላ ወዲያው ተመልሶ መግባት አለመግባቱንም ቢጨምሩልን እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የስፖርት ገጻችሁ አንባቢ