ለውጅግራ ወዳጆች፦ ከቅዳሜው ተኩስ በፊት

ሰላም ወዳጆች፣

ቅዳሜ ውጅግራችንን ይዘን ስንወጣ አንድ አደራ አለኝ። ጭስ አልባ ዘመናዊ ባሩድ ቀለህ ውስጥ እንዳትጨምሩ! እ.ኤ.አ. የ1874ቱ የፈረንሳይ ጠመንጃ «ፉዚ ግራ»፣ አባቶቻችን አድዋ ላይ ይዘውት የተዋጉበትና በአማርኛ ውጅግራ ያሉት፣ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። የዘመኑን ግፊት አይችልም። ጥቁር ባሩድ ስትሞሉም ክፍተት አታስቀሩ፤ 11 ሚሊ ሜትሩ የእርሳስ አረር ባሩዱ ላይ ጥብቅ ብሎ ይቀመጥ።

ማጽዳቱን ለነገ አትበሉ። እኔ አንዴ ደክሞኝ አሳደርኩት። ጠዋት ጨርቅ ባስገባ ቀይ ዝገት ይዞ ወጣ፤ አንጀቴ ቁርጥ አለ። የባሩዱ ጥላሸት እርጥበት ይስባል። በዚያው ቀን በሙቅ ውሃ እጠቡት፣ በደንብ አድርቁት፣ ከዚያ ዘይት ቀቡት። ባዶ ቀለሆቹንም ሰብስባችሁ እጠቡ፤ ጥላሸቱ ናሱን ይበላዋል።