ያሰረኝ ማን እንደሆነ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «ለመሆኑ ያሰረህ መንግሥት ነው ወይ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ዝም ያልኩት ልደብቅሽ ፈልጌ አይደለም። በአንድ ቃል የሚመለስ አልሆነልኝም።

ድንበር ላይ የያዘኝ የአሜሪካ መንግሥት ነው። በሩን ይቆልፍብኝ፣ ሌሊት በባትሪ እያበራ ይቆጥረኝ የነበረው ግን የአንድ ኩባንያ ተቀጣሪ ነው። መንግሥት ለኩባንያው በታሳሪ ቁጥርና በቀን እያሰላ ይከፍለዋል። አልጋው ባዶ ቢያድር እንኳ እንዲከፈል የሚያስገድድ ውልም አለ። እማዬ፣ ጥገኝነት ጠይቄ ጉዳዬ እስኪታይ ሰባት ወር ስቀመጥ፣ እያንዳንዷ ሌሊቴ ለሌላ ሰው ገቢ ነበረች። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በፈረንጆች 1984 ሂውስተን ከተማ ውስጥ አንድ ኩባንያ ሞቴል ተከራይቶ፣ ዙሪያውን አጥሮ ስደተኞችን አስሮበታል። በ2021 ፕሬዚዳንት ባይደን የፍትሕ ሚኒስቴሩ ከግል እስር ቤቶች ጋር ውል እንዳያድስ ሲያዝዙ እንኳ የስደተኞች ማቆያ አልተነካም። ያ ትእዛዝም በ2025 ተሽሯል።

አጎቴ ደሴ ወህኒ ቤት ሳለ እሑድ እሑድ በአገልግል ስንቅ ስታቀብዪው ትዝ ይለኛል። ጠባቂው እንጀራውን ገለጥ አድርጎ ያይና «እናት ዓለም፣ እለፊ» ይልሽ ነበር። እዚህ ከውጭ ምግብ አይገባም። የራበው ከግቢው ሱቅ ይገዛል፤ ገንዘብ የሌለው ይሠራል። እኔ ወጥ ቤት ድስት አጥብ ነበር፤ የቀኑ ዋጋ 1 ዶላር። በየማቆያው የተለመደ ክፍያ ይኸው ነው። ታኮማ በምትባል ከተማ የነበሩ ታሳሪዎች ግን ጂኦ ግሩፕ የሚባለውን ኩባንያ ከስሰው፣ በ2021 የግዛቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ይገባቸው ነበር ተብሎ 17.3 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደላቸው። ይህን ያነበብኩ ዕለት አለቀስኩ።

ያኔ «ሥራ ላይ ነኝ» እያልኩ ቶሎ ቶሎ የዘጋሁብሽ የስልኩ ሒሳብ እያለቀብኝ ነው። ስለዋሸሁሽ ይቅር በዪኝ።

ከአልጋዬ አጠገብ ይተኛ የነበረው ልጅ አሁንም እዚያው ነው። እናቱ ኩታበር ናቸው፤ ቡና ይዘሽ ሂጂና ጠይቂያቸው። ጭኮ ልላክለት ካሉሽ እንደማይገባ ቀስ ብለሽ አስረጃቸው።

ልጅሽ