በረዶ ጠባቂዎቹ፦ የአየር ሁኔታ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን የአየር ሁኔታ ክበብ ሥራ የጀመረው ሰማዩ ጠብታ በነፈገን ሰሞን ነው። የ2024 ኦክቶበር ለዋሺንግተንና ለአካባቢዋ እጅግ ደረቅ ወር ነበር። ከተማዋ 38 ቀን በተከታታይ የሚለካ ዝናብ ሳታይ ከርማ የራሷን ሪከርድ ሰበረች። እኛ ደግሞ ገና አዲስ የዝናብ መለኪያ መግዛታችን ነው። መለኪያው በአንዱ ተማሪ ጓሮ ቆመ። ልጁ በየጠዋቱ ይወጣል፣ ያያል፣ ባዶ ነው።

«ቲቸር፣ ምንም የለም፤ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ።

«ዜሮ ብለህ ጻፍ» አልኩት።

ይህ መልስ መጀመሪያ ላይ ማንንም አላስደሰተም። ግን ትልቅ ቁም ነገር አለው። ክበባችን ኮኮራስ በሚባለው የበጎ ፈቃደኞች መረብ ውስጥ ተመዝግቧል። መረቡ የተጀመረው በ1998 በኮሎራዶ ነው፤ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ፎርት ኮሊንስ የተባለችውን ከተማ ከባድ ጎርፍ መትቷት ነበር። በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ አንዱ ሰፈር ላይ ዶፍ ሲወርድ ሌላው ላይ እምብዛም እንደማይዘንብ ያን ጊዜ በግልጽ ታየ። ስለዚህ በየጓሮው የሚለካ ሰው ተፈለገ። እዚያ ቁጥር የሚልክ ሰው ዝናብ በሌለበት ቀንም ዜሮ እንዲልክ ይጠየቃል። ካልላከ ዝናብ አልነበረም ማለት ነው ወይስ ያየ ሰው አልነበረም? ማንም አያውቅም። ልጆቹ ይህ ሲገባቸው ዜሮውን በክብር መጻፍ ጀመሩ።

ወደ ክበቡ የመጡት ግን በረዶ ፈልገው ነው። አብዛኞቹ አባላት የአምስተኛ፣ የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት አማርኛ ሊማሩ ይመጣሉ፤ ከክፍል በኋላ ደግሞ እኛ ጋ ይቀራሉ። ባለፉት ዓመታት በረዶ አጥተው ነው ያደጉት። ከጃንዋሪ 2022 እስከ ጃንዋሪ 2024 ድረስ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው በዋሺንግተኑ ሬገን ኤርፖርት በአንድ ቀን አንድ ኢንች የሞላ በረዶ አልተለካም። ወላጆች ደግሞ የ2010ን ክረምት እያነሱ ያስጎመዧቸዋል። ያን ክረምት እዚያው ኤርፖርት 56.1 ኢንች ወርዷል። የአንድ ክረምት አማካይ 13.7 ኢንች መሆኑን ስነግራቸው የብዙዎቹ ዓይን ፈጠጠ።

የወላጆች ስሜት የተለየ መሆኑን አውቃለሁ። ለነርስ እናት፣ ለታክሲና ለኡበር ሾፌር፣ ፓርኪንግ ለሚሠራ አባት በረዶ ማለት አካፋና ጨው ነው፤ የሚያንሸራትት መንገድ ነው። ስለዚህ ክበቡን ስንጀምር አንድ ደንብ አወጣን። በረዶ እንዲመጣ መመኘት ይፈቀዳል። የምንናገረው ግን የምንመኘውን ሳይሆን የሚታየውን ነው። ቤት ውስጥ ጠዋት መኪና የሚያስነሳ ሰው እኛን ሰምቶ ሊዘጋጅ ይችላልና።

ልጆቹ ከትምህርት ቤታቸው ያመጡት የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ፒጃማ ገልብጦ መልበስ፣ ትራስ ሥር ማንኪያ ማድረግ፣ ሽንት ቤት ውስጥ የበረዶ ኩብ መጨመር። ይህ ከተደረገ ነገ ስኖው ዴይ ነው፣ ትምህርት ዝግ ነው ይላሉ። እኔ አልከለከልኳቸውም። ጉጉት ያለው ልጅ ጥያቄ አያጣም።

የመጀመሪያው ጥያቄም «ለምንድነው እዚህ በረዶ እንዲህ የሚያስቸግረው?» የሚል ነበር። ካርታ ዘረጋን። ቀዝቃዛው አየር ከካናዳ ይወርዳል። ከምዕራባችን የአፓላቺያን ተራሮች አሉ፤ ቀዝቃዛው አየር ወደ ምሥራቃቸው ሲገባ እዚያው ታግዶ ይቆያል። እርጥበቱ የሚመጣው ደግሞ ከደቡብና ከአትላንቲክ ነው። አውሎ ነፋሱ የባሕር ዳርቻውን ይዞ ወደ ሰሜን ሲወጣ መንገዱ በጣም ወደ እኛ ከቀረበ የባሕሩን ሙቀት ይዞ ይገባና በረዶው ዝናብ ይሆናል። በጣም ከራቀ ደግሞ እርጥበቱ ሳይደርሰን ያልፋል። በመካከል ያለችው ክፍተት ጠባብ ናት። ብዙ ጊዜ ዝናብና በረዶን የሚለየው መስመር አይ 95 የተባለውን አውራ ጎዳና ተከትሎ ያርፋል። ተማሪዎቻችን ከጎዳናው በሁለቱም በኩል ስለሚኖሩ በአንድ ቀን አንዱ በበረዶ ይጫወታል፣ ሌላው ዣንጥላ ይዘረጋል።

ከዚያ ትንበያ ማንበብ ተማርን። ለእኛ አካባቢ ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው የብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ቢሮ ስተርሊንግ ቨርጂኒያ፣ ከደለስ ኤርፖርት አጠገብ ነው። እነሱ የሚሉትን ከአሜሪካውና ከአውሮፓው ሞዴል ጋር እያስተያየን አየን፤ ሞዴል የምንለው አየሩን የሚተነብይ የኮምፒውተር ስሌት ነው። የአሜሪካው ሞዴል በቀን አራት ጊዜ አዲስ ውጤት ያወጣል። አንዳንዱ ልጅ ሌሊት ተነስቶ ሊያይ ሞክሮ እናቱ ስልኩን ቀምታዋለች፤ ጥሩ አደረገች። እኔ በጽኑ የምቃወመው ከአሥር ቀን በፊት «14 ኢንች» ብሎ ቀለም የተቀባ ካርታ መላላክን ነው። ያ ካርታ የአንድ ሞዴል የአንድ ሰዓት ግምት ነው። ለቤተሰብ ግሩፕ የሚላክ ነገር አይደለም።

ዲሴምበር አለፈ። ከዚያ ገና መጣ።

ጃንዋሪ 4 ቅዳሜ ስንገናኝ ሞዴሎቹ ተስማምተው ነበር፤ ከስተርሊንግም የሚመጣው ቃል ጠንክሯል። ልጆቹ መቀመጥ አልቻሉም። በረዶ የሚለካበት ነጭ ቀለም የተቀባ ሰሌዳ አዘጋጅተን፣ የትኛው ሜዳ ላይ እንደሚቀመጥ ተከራክረን፣ ከግድግዳና ከዛፍ አራቅነው። እሑድ ወደ ሰኞ በሚያነጋው ሌሊት በረዶው ጀመረ። ሰኞ ጃንዋሪ 6፣ ማለትም ታኅሣሥ 28፣ የገና ዋዜማ ቀኑን ሙሉ ወረደ። ማታም ተመለሰ። ሰሌዳችን ላይ ከ6 ኢንች በላይ ለካን።

አለካኩ ላይ ጥሩ ክርክር ተነስቶ ነበር። አንድ አባል በየሰዓቱ እየጠረገ መለካት ፈለገ። በረዶ ሲቆይ በራሱ ክብደት ስለሚጠቀጠቅ ቶሎ ቶሎ ከተጠረገ ድምሩ ከእውነቱ ይበልጣል። ለዚህ ነው በስድስት ሰዓት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ መጥረግ የማይፈቀደው። ልጁ ሕጉን ከሰማ በኋላ የራሱን ቁጥር ራሱ ሰርዞ ትንሹን ጻፈ። በዚህ ዓመት ከኮራሁባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ያን ማታ ብዙ ቤተሰብ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ አስቦ መንገዱ ከልክሎታል፤ ሌሊቱን በስልክ የተከታተለም አለ። የደረሱትም ቀስ ብለው ነድተው ነው። በማግስቱ ጎረቤት ያሉ አረጋውያንን ደጅ የጠረጉ ልጆች አሉ፤ ማንም አላዘዛቸውም። ዶሮ ወጡ ጋ የደረሱት እጃቸው ቆፈን ይዞት ነው።

ከበረዶው አንድ ጣሳ ሙሉ ወስደን አቀለጥን። አሥር ኢንች በረዶ በአማካይ አንድ ኢንች ውሃ ይሆናል የሚባለውን ልናይ ነው። ደረቅና ብን የሚል በረዶ ሲሆን ውሃው ያንሳል፣ ርጥብ ሲሆን ይበዛል፣ ይከብዳልም። ከዚህ ተነስተን የኒከርቦከር ቲያትርን ታሪክ አነበብን። በጃንዋሪ 1922 በዋሺንግተን 28 ኢንች በረዶ ወርዶ የቲያትር ቤቱ ጣሪያ በተመልካቹ ላይ ተደረመሰ፤ 98 ሰው ሞተ። ቦታው አዳምስ ሞርጋን ውስጥ፣ የ18ኛው ጎዳናና የኮሎምቢያ ሮድ ማዕዘን ላይ ነው። ወላጆቻችን ገና ወደዚህ ከተማ ሲመጡ እንጀራ ፍለጋ የሚሄዱበት ሰፈር ማለት ነው። ልጆቹ በዚያ ማዕዘን ስንት ጊዜ እንዳለፉ ሲያስቡ ዝም አሉ። በረዶ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ከእኔ ንግግር ይልቅ ያ ታሪክ አስተማራቸው።

ዋናው ብርድ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጃንዋሪ 19፣ የጥምቀት ዕለት፣ መጠነኛ በረዶ ወረደና ከኋላው አጥንት የሚሰብር ብርድ ገባ። በማግስቱ የፕሬዚዳንቱ ቃለ መሐላ በብርዱ ምክንያት ከደጅ ወደ ካፒቶል ሮቱንዳ፣ ወደ ምክር ቤቱ ሕንፃ ክብ አዳራሽ፣ እንዲገባ ተደረገ። ይህ ከ1985 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። በከተማው ዳርቻ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ፋራናይት በታች ወረደ። ልጆቹ ተደሰቱ። እንዲህ ከቀዘቀዘማ ነገ በረዶ ነው አሉ።

ሰማዩ ግን ጥርት አለ። አንድ ቅንጣት አልወረደም።

በዚያው ሰሞን፣ ጃንዋሪ 21፣ በረዶ እምብዛም የማያውቃት ኒው ኦርሊንስ 8 ኢንች በረዶ ወረደባት። ልጆቹ በቪዲዮ አይተው ተቆጡ። «እነሱ የፓልም ዛፍ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ይሄ ፌር አይደለም!» አለች አንዷ። ቁጣዋ ግን ትክክለኛውን ትምህርት ይዞ መጣ። ያ ሁሉ ቀዝቃዛ አየር እኛንም አልፎ እስከ ገልፍ ዳርቻ ወርዷል። እዚያ የባሕረ ሰላጤው እርጥበት ጠበቀው፤ ሁለቱ ተገናኙ። እኛ ጋ ብርዱ ነበረ፣ ውሃው አልነበረም። ብርድ ብቻውን በረዶ አያደርግም።

ይህን ከሁሉ በተሻለ ያብራሩልን የአንድ ተማሪ አያት ናቸው። እማማ ያደጉት ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። ልጁን ሊወስዱ መጥተው ቁጭ ብለው ሲሰሙን ቆዩና፣ «ማታ ሰማዩ ከጠራ፣ ኮከቡ ከበዛ፣ ነፋሱም ካረፈ፣ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል፤ ባቄላው ያልቃል» አሉ። እሳቸው አገር በኅዳርና በታኅሣሥ ገበሬው ሰማዩን እያየ የሚሰጋበት ጉዳይ ነው። ልጆቹ «ግን ለምን?» አሏቸው። እዚህ ላይ እኔ ተቀበልኳቸው። መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ትለቃለች። ደመና ካለ እንደ ጋቢ ሸፍኖ ያቆይላታል። ደመና ከሌለ ሙቀቱ ወጥቶ ይሄዳል። እንግዲህ በጣም የሚቀዘቅዘው ሌሊት ብዙውን ጊዜ ደመና የሌለው ሌሊት ነው፤ ደመና ከሌለ ደግሞ በረዶ ከየት ይመጣል? እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ ማታ ማታ ወደ ውጭ ወጥተው ኮከብ ያያሉ፤ ሌሊቱ ስንት ዲግሪ እንደሚወርድ ይገምታሉ፤ ጠዋት ያወዳድራሉ። እማማን ደጋግመን ጋብዘናቸዋል፤ ግምታቸው ጥሩ ነው።

ስለ ፌብሩዋሪ ልንገራችሁ። በወሩ አጋማሽ ሞዴሎቹ ለ19ኛውና ለ20ኛው ቀን ትልቅ በረዶ አሳዩ። ቅዳሜ ዕለት ክፍሉ በደስታ ተናወጠ። ሁለት ልጆች ብቻ እጃቸውን አውጥተው «መንገዱ ወደ ደቡብ ሊሄድ ይችላል» አሉ። የሌሎቹ ፊት ጠቆረባቸው፤ እነሱ ግን ካርታው ላይ እያመለከቱ ያዩትን ተናገሩ። ያን ያህል ጓደኛ ሲጮኽ ብቻን ቆሞ ያዩትን መናገር ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም። በሳምንቱ መግቢያ ትንበያው ተለወጠ። አውሎ ነፋሱ በደቡባችን በኩል ወደ ባሕር ወጣ። ኖርፎክና ቨርጂኒያ ቢች ነጭ ሆኑ። የእኛ ሰሌዳ ላይ ለመለካት የሚበቃ ነገር አልደረሰም።

ሐዘኑ ከባድ ነበር፣ አልዋሽም። ያለቀሱም ነበሩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ማንም አልቀረም። ትንበያው ምን ብሎ እንደነበር፣ መቼ እንደተለወጠ፣ ምን እንደሆነ በሦስት ዓምድ ግድግዳው ላይ ጻፉ። በመጨረሻው ዓምድ ሥር ያ የኦክቶበር ልጅ ተነስቶ ትልቅ ዜሮ አስቀመጠ፤ ክፍሉም አጨበጨበ። እኔ የዓመቱ ምርጥ ስብሰባችን የምለው የገናውን ሳይሆን ይህን ነው።

ከማርች በኋላ ሥራችን ወደ ዝናቡ ተመለሰ። የቼሪ አበባ የሚፈነዳበትን ቀን ለመገመት ሞከርን፤ ስለ መብረቅ ጥንቃቄ ታናናሾቹን ክፍሎች አስተማርን። የወላጆች ቀን ላይ አባላት ሥራቸውን በአማርኛ አቀረቡ። ቃል ሲጠፋቸው ከእናቶቻቸው እየተቀበሉ ጨረሱት።

ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት ነገር ያስፈልገናል። አንደኛው ሁለተኛ የዝናብ መለኪያ ነው፤ ከአይ 95 በሌላው በኩል እንዲቆም እንፈልጋለን። ሁለተኛው በሐምሌና በነሐሴ መለኪያውን የሚጠብቅ ሰው ነው። አሁን መለኪያው ያለበት ቤተሰብ ሐምሌና ነሐሴን አዲስ አበባ ያሳልፋል። የከሰዓት ነጎድጓድ በሚበዛባቸው በእነዚያ ወራት ጠዋት ሰባት ሰዓት ላይ፣ እንደ አገራችን አቆጣጠር አንድ ሰዓት ላይ፣ ወጥቶ የሚያነብ ሰው ይፈለጋል። ጓሮው ክፍት ቢሆን፣ ዛፍም ባይጋርደው ይመረጣል። ፈቃደኛ የሆነ ቤተሰብ ቅዳሜ ከክፍል በኋላ ያነጋግረኝ፤ አቀማመጡን ልጆቹ ራሳቸው መጥተው ያሳያሉ።