ማሙሽን አትቆጪው፣ እታለም

እታለምዬ እንደምን ከረምሽ፣ ልጆቹስ፣ ሰፈሩስ? እኛ ክብሩ ይስፋ ደህና ነን፣ የቶሮንቶ ብርድ ብቻ ነው አልለቅ ያለን። የላክሽልኝን ቮይስ ሰምቼዋለሁ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ማውራት ስለማልችል በጽሑፍ ልመልስልሽ ብዬ ነው፣ ቴሌግራም ላይ ይሄን ሁሉ ጻፈች ብለሽ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ፣ ሳቂ።

የማሙሽን ነገር እኔ እንደገባኝ፣ ከመናኸሪያ በባጃጅ ሲመጣ ሹፌሩ አማርኛ ብዙም የማይችሉ አንዲት የሲዳማ እናት ጆንያ ይዘዋል ብሎ መልሳቸውን ከለከላቸው፣ ልጅሽ ደግሞ "ጋሼ መልሳቸውን ይስጧቸው" አለው። ሹፌሩ ባለጌ ብሎ ሰደበው፣ ጎረቤት ሰምቶ ወሬውን ላንቺ አደረሰ፣ አንቺ ደሞ አፍረሽ ሁለተኛ በማያገባህ እንዳትገባ ብለሽ ጮህሽበት። እስቲ ንገሪኝ፣ ብልግናው የቱ ጋ ነው? ጋሼ ብሎታል፣ አንቱ ብሎታል፣ እኔ ብሆን ያን ሰውዬ ጋሼም አልለው! እኔን ያናደደኝ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጠው ዝም ያሉት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ልጁ የተናገረው እኮ እነሱ ዝም ስላሉ ነው፣ አሁን በሱ ከተቀጣ ደሞ የነሱን ዝምታ ነው የሚማረው።

ከየት አመጣው እንዳትይኝ፣ ከቤታችን ነው። እማዬ ዕድር ላይ ያደረገችውን ረሳሽው እንዴ? ያቺ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ቀብር ቀርታለች ተብላ ስትቀጣ፣ ልጇን አሳክማ ስታድር እንደነበር ሁሉም ያውቃል፣ ግን ዳኛው የሚፈሩ ሰው ስለነበሩ ድንኳኑ ውስጥ ትንፍሽ ያለ የለም። እማዬ ተነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለችና "ጋሼ፣ እርስዎ ባሉበት መናገር አይገባኝም ነበር፣ ግን ይሄ ቅጣት ልክ አይደለም፣ የታመመ ልጅ ታቅፋ ያደረች ሴት ናት" አለች። ቀሚሷን ይዤ አጠገቧ ስለነበርኩ እግሯ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር፣ ድምጿ ግን ከፍም ዝቅም አላለም። ሰውየው መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረጉና "በሉ ይሰረዝ" አሉ። ከዛ ሻይ ሲመጣ እማዬ መጀመሪያ የሰጠችው ለማን መሰለሽ፣ ለሳቸው፣ በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ። ያኔ ፈርታ ነው የመሰለኝ፣ ለካ አክብራቸው ነው።

አባባም እንደዛው ነበር፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ሊገዛ ይዞን ሲሄድ፣ እነዛ ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ከኛ በላይ ቆመው አንጀት ሲጠብቁ፣ ቆሮሶ ዓሣ የሚያጸዱትን ልጆች "ወንድሜ" ሳይል አያዛቸውም ነበር፣ ልጆቹ እኛን ያክላሉ እኮ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጫምባላላ ሲሆንስ? ያ ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. የመዘገበው በዓል ለኛ ያኔ የቆጮና የቅቤው ቡርሳሜ የሚበላበት ቀን ነበር በቃ፣ ቤት ለቤት "አይዴ ጫምባላላ" እያልን ስንዞር፣ ያ ሁሉ ሰው የሚነሳላቸው የሲዳማ ሽማግሌ ጎረቤታችን በር ድረስ መጥተው ይቀበሉን ነበር፣ የኔን የንፍጣም ሕፃን እጅ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ እንደ ትልቅ እንግዳ አስቀምጠው፣ ቅቤው እስኪፈስ ያበሉናል። ከዛ ቀን በኋላ እሳቸውን መንገድ ላይ ሳይ ቆሜ ሳልሳለም አላልፍም፣ ተነሺ ያለኝ ሰው ኖሮ አይደለም።

የኔዋ ሚጣ እዚህ ድፍረቱ አላት፣ ክላስ ውስጥ እጇን አውጥታ ያሰበችውን ትናገራለች፣ በዚህ ደስ ይለኛል። እንግዳ ሲገባ ግን ሶፋው ላይ ተጋድማ ታብሌቷን ነው። ተነሺ ስላት "ለምን?" ትለኛለች፣ ልጅቷስ ምን ታድርግ፣ ለማን ስነሳ አይታኝ? ጎረቤት የምናየው ሊፍት ውስጥ ነው፣ እሱም ስልኩን እያየ።

ማሙሽን አስጠንቅቂው የምትይ ከሆነ በዚህ አስጠንቅቂው፣ ልጅ ነው፣ የተቆጣ ሹፌር ቢመታውስ? አጠገቡ ትልቅ ሰው ካለ መጀመሪያ ለሱ ይንገር። አንቺ ደሞ በናትሽ ጎረቤቱ ፊት ልጄ ልክ ነው በይለት፣ ይስማሽ።

በባንክ ትንሽ ልኬልሻለሁ፣ ከሱ ላይ የማሙሽን ጫማ ግዢ። ሚጣን ለፍቼ ጫምባላላ ይዣት ልመጣ አስቤያለሁ፣ ችግሩ የበዓሉ ቀን በየዓመቱ ይለዋወጣል፣ ቀን ቆጣሪዎቹ የሲዳማ ሽማግሌዎች፣ አያንቶዎቹ፣ ኮከብ አይተው እስኪናገሩ ትኬት መቁረጥ አልችልም፣ እዚህ አለቃዬ ደግሞ ፈቃድ ከወራት በፊት አስሞልቶ ነው የሚሰጠው፣ ኮከብ እየጠበቅን ነው ብለው ምን ይለኛል! እስቲ የሽማግሌውን ልጅ ጠይቂልኝ፣ ወሬው እንደተሰማ በሌሊትም ቢሆን ደውዪ።