የአዘዞን ሌሊት ለማኮብኮቢያው ተዉለት

ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በጎንደር አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የተወሰነ የሌሊት ሰዓት ለጥገና እንዲከበር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እዚህ ጎንደር የቱሪዝም ነገር ሲነሳ ስለ ማታ በረራ ማውራት የተለመደ ነው። ሆቴል ያለው ይፈልገዋል፤ ጠዋት አዲስ አበባ ቀጠሮ ያለው ነጋዴም ይፈልገዋል። እኔም አልጠላውም። ግን ዕድሜዬን በመንገድ ሥራ ስለጨረስኩ ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ሌሊቱንም ለበረራ ከሰጠነው ማኮብኮቢያው መቼ ሊጠገን ነው?

ማረፊያው ባለበት አዘዞ ያለን ማኮብኮቢያ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ያለው አንዱን ዘግቶ በሌላው ያሳርፋል፤ እኛ ግን ዘጋን ማለት ከተማውን ዘጋን ማለት ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ግድም ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ሲነሳ ረጅም ይንደረደራል፣ ሲያርፍም መሬት የሚነካው ቆላ ላይ ከሚያርፈው በበለጠ ፍጥነት ነው። ጎማው በነካ ቁጥር አስፋልቱ ላይ የሚቀረው ጥቁር ቅሪት ይደራረባል፤ ክረምት ውሃ ሲተኛበት ያንሸራትታል። ይህ በከፍተኛ ግፊት ውሃ ይታጠባል። ስንጥቁ ሳይሰፋ መደፈን አለበት፤ መብራቱና ቀለሙም እንዲሁ ጊዜ ይፈልጋሉ።

ክረምቱን እርሱት፤ እርጥብ መሬት ላይ የተነጠፈ አስፋልት አይያያዝም። የቀረን በጋ ነው። በጋው ደግሞ የእንግዳ ወቅት ነው፤ ገናና ጥምቀት፣ የሰሜን ተራሮች ጉዞም በዚያው ወራት ነው። ስለዚህ ቀን ቀን ዘግተን እንጠግን ካልን ሁልጊዜ የምንዘጋው ሰው በሚመጣበት ጊዜ ይሆናል። ባሕር ዳር አርፎ በመኪና ይምጣ እንዳይባል 180 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ የመንገዱን ነገር ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ። ቱሪስቱስ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ሪፈር ተጽፎለት ወደ አዲስ አበባ የሚበር በሽተኛ ግን ምርጫ የለውም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በረራው ለቀናት ሲቋረጥ ይህን አይተነዋል፤ ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም።

በሌላ አገር የሌሊት በረራ የሚከለከለው በጩኸት ነው። ፍራንክፈርት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት በረራ አያስተናግድም፤ ሲድኒ እስከ ንጋቱ 12 ይከለክላል። አየር መንገዶች ያማርራሉ፤ ማታ የዘገየ አውሮፕላን ሰዓቱ ካለፈበት ባለበት ያድራል፣ የማግስቱም ፕሮግራም ይዛባል። ለጥገና ሠራተኛው ግን ያ ጸጥታ ሲሳይ ነው። ፍራንክፈርት ክልከላው ከመምጣቱ በፊትም በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንዱን 4,000 ሜትር ማኮብኮቢያውን ያደሰው በየሌሊቱ 15 ሜትር ያህል እየሠራ፣ ጠዋት ለበረራ እየከፈተ ነው።

ለጥገና የምጠይቀው ከምሽቱ 5 እስከ ንጋቱ 11 ያለው ስድስት ሰዓት ሲባል ብዙ ይመስላል። ከታወር (ከበረራ ተቆጣጣሪው) ፈቃድ እስኪገኝ፣ ማሽኑና ጄኔሬተሩ እስኪገባ፣ ፓውዛው እስኪተከል አንዱ ሰዓት ያልቃል። ከዚያ አሮጌው አስፋልት ይፋቃል፣ ይጠረጋል፣ ሬንጅ ይረጫል። አዲሱ 150 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይደርሳል፤ የአዘዞ ብርድ ቶሎ ስለሚይዘው ሩሎው (መጠቅጠቂያው ማሽን) እግር በእግር ካልተከተለው አይጠቀጠቅም። አዲሱ ከአሮጌው ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ደረጃ ሠርቶ እንዳይቀር በስሱ ተዳፋት መሆን አለበት፤ ነገ ጠዋት ጎማ ያልፍበታላ። መጨረሻ ላይ ማቀዝቀዣ ሰዓት አለ፣ ከዚያ መጥረግና በእግር እየሄዱ መፈተሽ። አንዲት ብሎን መቅረት የለባትም። በሐምሌ 2000 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ 113 ሰው የሞተበት የኮንኮርድ አደጋ የጀመረው ከሌላ አውሮፕላን ወድቃ ማኮብኮቢያው ላይ በቀረች ቁራጭ ብረት ነው። እንግዲህ ከስድስቱ ሰዓት ለንጣፍ የሚተርፈው ሦስት ቢሆን ነው።

ለዚህ ነው ሰዓቱ በጽሑፍ ይጽና የምለው። «ዛሬ አንድ የዘገየ በረራ ስላለ ጠብቁ» ከተባለ መኪና ላይ ያለው አስፋልት ይደርቃል፤ ሌሊቱም፣ ገንዘቡም ባከነ። ከአዲስ አበባ እዚህ አንድ ሰዓት ገደማ በረራ ነው፤ በመጨረሻው በረራና በመዝጊያው ሰዓት መካከል ቢያንስ ሁለት ሰዓት ክፍተት ቢተው መጠነኛ መዘግየት ማንንም አይጎዳም። በሽተኛ የያዘ ወይም የቸገረው አውሮፕላን ሲመጣ ግን ሩሎው ዞር ይበል፤ የትም አገር እንዲህ ነው፤ እሱም አስቀድሞ ይጻፍ።

የከተማው ሰዓት እላፊ ሌላው ራስ ምታት ነው። እላፊ ባለበት ጊዜ ትኩስ አስፋልት የጫነ ገልባጭ መኪና ኬላ ላይ ቆሞ ካደረ ከላይ ያልኩት ሁሉ ከንቱ ነው። የሠራተኞቹና የመኪኖቹ ዝርዝር ለጸጥታ አካል ቀድሞ ቢሰጥና የይለፍ ወረቀት ቢያዝ ይቃለላል። ይህን ከእናንተ በቀር ማንም ሊያስተባብረው አይችልም።

ስለዚህ የማታ በረራው ጉዳይ ከመወሰኑ በፊት ከምሽቱ 5 እስከ ንጋቱ 11 ያለው ጊዜ ለጥገና ተለይቶ በማረፊያው የሥራ ሰዓት ላይ ይመዝገብልን። ከታኅሣሥ 20 እስከ ጥር 15 በቀን መዝጋት አይኑር። ሥራ ሲኖር ኖታም (ለፓይለቶች የሚወጣ የበረራ ማስታወቂያ) ማውጣታችሁ ለፓይለቱ በቂ ነው፤ ለሆቴሉና ለተሳፋሪው ግን ወር ቀደም ብሎ በአማርኛ ማስታወቂያ ይለጠፍለት። የበጋው ሥራ የሚታቀደው አሁን በክረምቱ ስለሆነ መልሳችሁ ከመስከረም በፊት ቢደርሰን ይጠቅማል።

ከአክብሮት ሠላምታ ጋር
የመንገድ ሥራ ባለሙያ፣ ጎንደር

ግልባጭ፦ ለጎንደር ከተማ አስተዳደር